የአዋሽ መጨረሻ

የአባይ ታሪክ ለብዙ ዘመናት የመነሻው ፍለጋ ታሪክ ሲሆን፣ በአዋሽ ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወንዙ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ እንደሚፈልቅ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበርና የውጭ አገር ተጓዦችን ሲያነጋግር የኖረው የሚያልቅበት ቦታ ነው።

አዋሽ በመልካ ቁንጡሬ አልፎ ወደ ስምጥ ሸለቆ ከወረደ በኋላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፍና ከሰምን፣ ሚሌንና ሎጊያን እየጨመረ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሆኖም ባሕር አይደርስም። ተፋሰሱ ዝግ፣ ማለትም ውኃው ወደ ውቅያኖስ መውጫ የሌለው በመሆኑ፣ በአውሳ ቆላ ተንጣሎ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ሐይቁ የተቀበለውን ውኃ ለፀሐይ ብቻ ስለሚያስረክብ ጨውና ሶዳው እየተከማቸ ይሄዳል።

አውሳን አውሳ ያደረገው ግን ሐይቁ ሳይሆን ከሐይቁ በፊት ያለው ደለል ነው። የደጋው ክረምት ሲበረታ ጎርፉ በጠፍ ምድር መካከል ባለው በዚህ ሜዳ ላይ አፈር ያነጥፋል፤ ውኃው ሲሸሽም በቦታው ሣር ይበቅላል፣ እህልም ይዘራበታል። የአዳል ገዢዎች እ.ኤ.አ. በ1577 መቀመጫቸውን ከሐረር ወደዚህ ያዛወሩት፣ ኋላም የአፋር ሱልጣኖች አገሩን ከባዕድ እጅ አጥብቀው የጠበቁት ያለ ምክንያት አልነበረም። የግብፅን ጦር እየመራ በ1875 የመጣው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር እዚያው ተገደለ። እንግሊዛዊው ቴሲጀር ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ፣ የሱልጣን መሐመድ ያዮን ፈቃድ አግኝቶ ወንዙን እስከ አቤ የተከተለው በ1934 ነበር። ካርታ ሠሪዎች ጥያቄያቸው የተመለሰው ያኔ ነው ቢሉም፣ ከብቱን በየበጋው እዚያ ለሚያሰማራው አፋር የወንዙ መጨረሻ እንቆቅልሽ ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ የታችኛውን አገር ዕጣ የሚወስነው የላይኛው ሆነ። በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1960 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ኤሌክትሪክ ከማመንጨቱም በላይ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ለበጋ መስኖ ያከፋፍል ጀመር። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ሲቋቋም ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያም በተንዳሆ ጥጥ ያለማ ነበር። ሱልጣን አሊ ሚራህ ራሳቸው ጥጥ በማስፋፋታቸው ነገሩን የባዕድና የአገሬው ፍጥጫ አድርጎ መጻፍ ያሳስታል። ጉዳቱ የወደቀው በተለይ በአርብቶ አደሩ ላይ ነው፤ እርሻዎቹ የያዙት በድርቅ ጊዜ መሸሸጊያው የነበረውን የወንዝ ዳር ግጦሽ ነበርና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዝናቡ ሲከዳ ከብቱን የሚያሳርፍበት አጣ። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሱልጣኑን ከአገር ሲያስወጣና እርሻዎቹን ወደ መንግሥት ሲያዞር፣ ግጦሹ ወደ ከብቱ አልተመለሰም፤ አቤም በድርቁና በመስኖው ምክንያት ከቀድሞ ዳርቻው እያፈገፈገ ሄደ።