ኮቺ፦ የቅመም መጋዘኖች የሥነ ጥበብ ማሳያ የሆኑባት ከተማ

በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በኬረላ ግዛት የምትገኘው የኮቺ ወደብ «ኮቺ ሙዚሪስ ቢየናሌ» የተሰኘ የዘመናችን ሥነ ጥበብ ፌስቲቫል ታስተናግዳለች። በየሁለት ዓመቱ እንዲካሄድ የታሰበውን ይህን ፌስቲቫል የመሠረቱት ቦስ ክሪሽናማቻሪ እና ሪያስ ኮሙ የተባሉ የኬረላ ተወላጅ ሰዓሊዎች ናቸው። የመጀመሪያው የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 12 ቀን 2012 ነበር።

ሙዚሪስ የጠፋ ጥንታዊ ወደብ ስም ነው። አዱሊስንና አክሱምን የሚያወሳው የ1ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ነጋዴዎች መጽሐፍ፣ ፔሪፕለስ፣ ሙዚሪስንም ያነሣል። ከግብፅ የሚነሡ መርከቦች በቀይ ባሕር ዘልቀው፣ በወቅቱ ነፋስ እየተገፉ ከዚያ ቁንዶ በርበሬ ይጭኑ ነበር። ወደቡ በ1341 በደረሰ የፔሪያር ወንዝ ጎርፍ እንደጠፋ ይታመናል።

በብዙዎቹ ዙሮች ዋና ማሳያ የነበረው አስፒንዎል ሀውስ በ1867 የተቋቋመ የንግድ ድርጅት ግቢ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብልና እርድ ይከማችበት ነበር። በ2016 የቺሊው ገጣሚ ራውል ሱሪታ አንዱን መጋዘን በባሕር ውኃ ሞላው። ጎብኚዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ ልብሳቸውን ሰብስበው በውኃው ውስጥ እየተራመዱ በግድግዳው ላይ የተጻፈውን አነበቡ። ሥራው መታሰቢያነቱ በ2015 ባሕር ላይ ሰጥሞ ለሞተው ሶርያዊ ሕፃን ለጋሊፕ ኩርዲ ነበር፤ ዓለም በፎቶግራፍ ያየው ወንድሙን አለንን እንጂ እርሱን አልነበረም። ሥነ ጥበብ ለተማረ ሰው ብቻ ነው ለሚል ይህ በቂ መልስ ይመስለናል፤ እግርን በውኃ ለማርጠብ ትምህርት አያሻም።

ፌስቲቫሉ ከቅሬታ የጸዳ አልነበረም። ገና ሲጀመር፣ የመንግሥት ገንዘብ ለምን ለዚህ ይውላል ብለው አንዳንድ የኬረላ ሰዓሊዎች ተቃውመዋል። በ2022 ደግሞ መክፈቻው ሊደርስ ሲል ለ11 ቀናት ተራዝሞ፣ ተሳታፊ ሰዓሊዎች ዝግጅቱን የሚወቅስ ግልጽ ደብዳቤ አውጥተዋል።

ጉብኝቱ የሚመቸው የክረምቱ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ከዲሴምበር እስከ ማርች ነው። ከኤርናኩላም በሕዝብ ጀልባ ወደ ፎርት ኮቺ ይሻገራሉ፤ ከዚያ ማሳያዎቹ በእግር ወይም በባጃጅ ይደረሳሉ። ከባሕሩ ዳር ዓሣ አጥማጆች በድንጋይ ሚዛን የሚወጡና የሚወርዱ ታላላቅ የቻይና መረቦቻቸውን ይስባሉ። በአቅራቢያው በ1524 ቫስኮ ዳ ጋማ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዐፅሙ በኋላ ወደ ሊዝበን ተወስዷል። በ1541 ወታደሮች አስከትሎ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የዚሁ ሰው ልጅ ነው።