ውለታ ሊከፍል የወጣው ልጅ፦ ልብ ወለድና አገልጋይ

ዘንዘልማ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር በምናደርገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አንድ ወንድም፣ «አገልጋይ ልብ ወለድ ማንበብ ይገባዋል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «ዓለማዊ» ብለን እናልፈዋለን። ታሪኩ ግን ከደጃችን ይጀምራል።

ከዘንዘልማ ባሕር ዳርን አልፎ በጣና ዳር የሚገኘው ዘጌ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የትውልድ ስፍራ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ሲሆን፣ የጽሑፉ ዓይነት ስያሜም ከዚሁ አርእስት የመጣ ነው። (ጸሐፊው ኋላ ከፋሺስት ጣሊያን ጋር ማበሩን አንሸፍንም።) ከዚያ 16 ዓመት ቀድሞ፣ በ1892 እ.ኤ.አ.፣ ጆን ቡንያን ስለ ክርስቲያን ጉዞ የጻፈው ምሳሌያዊ ታሪክ በአማርኛ ታትሞ ነበር። በኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» ውስጥም የቡንያን ፈለግ ይታያል። ረጅም የፈጠራ ታሪክን ለአማርኛ አንባቢ ቀድመው ካቀረቡት መካከል እንግዲህ የወንጌል ሰዎች ይገኙበታል፤ ዛሬ በር ላይ የምናቆመውም እኛው ነን።

የአፈወርቅ መጽሐፍ ለሰባኪ ምን ይሰጣል? አንድ ክርስቲያን የጦር አዛዥ ተማርኮ ሳለ አንድ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ልጁ ዋህድ የነጋዴውን ውለታ ልመልስ ብሎ ከቤት ይወጣል፤ በመንገድም ተይዞ ባሪያ ሆኖ ይሸጣል። ስለ ገላትያ መልእክት ስንት ጊዜ ሰብኬያለሁ! በነጻ የተሰጠውን ልክፈል ብሎ የተነሣ ልጅ በሰንሰለት ሲገባ እስካይ ድረስ ግን ነገሩ እንዲህ አልከበደኝም። ዋህድ ክፉ ልጅ አይደለም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ዳዊትም ቢሆን በናታን አንደበት የተነገረውን የበጊቱን ታሪክ ሰምቶ የፈረደው ራሱን ከማወቁ በፊት ነው (2ኛ ሳሙ. 12)።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። በፍጻሜው አረማዊው ንጉሥ ከነሕዝቡ ክርስትናን ተቀብሎ የዋህድን እኅት ጦቢያን ያገባል። እንዲህ ያለው መመለስ ለእኔ እጅግ ቀላል ነው፤ በንጉሥ ትእዛዝ የተጠመቀ ሕዝብ በታሪካችን ምን እንዳሳለፈ እናውቃለን። በጥናታችን ይህን ባነሣሁ ጊዜ ግማሹ «ንጉሡ ያመነው ስለ ጦቢያ ነው» አለ፤ ሌላው ደግሞ «ጌታ በእርሷ ጠራው» ብሎ ተከራከረ። ጠያቂው ወንድም ግን ከሁለቱም ጋር አልተስማማም፤ እርሱን ያስጨነቀው፣ ከንጉሡ ጋር እንዲጠመቅ የታዘዘው ሕዝብ ነበር።