ከነጃሺ አገር እስከ ጅዳ፦ በስደት የተወለደ ልጅ ዜግነት



የቁረይሾች በደል ሲበረታ ወደ አገራችን ከተሰደዱት ሶሓቦች መካከል ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብና ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ይገኙበታል። ልጃቸው ዐብደላህ የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ምድር ነው። ጀዕፈር በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸይበር ዘመቻ ወቅት፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመለሱ፣ ሐበሻ ምድር ተወልዷልና የእኛ አይደለም ብሎ ልጁን የገፋ አልነበረም። የትም ቢወለድ ነሰቡ አብሮት ነበር።

ዛሬ ታሪኩ ተገልብጧል። የእኛ ልጆች ጅዳና ሪያድ ይወለዳሉ። ነሰባቸው አሁንም አብሯቸው አለ፤ የጎደለው ወረቀት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በምድሯ ስለተወለደ ብቻ ለውጭ ዜጎች ልጅ ዜግነት አትሰጥም። ስለዚህ ልጁ የኢትዮጵያ ማስረጃ ካልያዘ በእጁ ምንም የለም ማለት ነው።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል? የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ የወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ገና በአንደኛው አንቀጹ፣ በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር ተወልዶ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ለዘመኑ ሰፊ በር ነበር። ሆኖም በሴቶች ላይ ይጠብ ነበር፦ የውጭ ዜጋ አግብታ የባሏን ዜግነት ያገኘች ኢትዮጵያዊት የራሷን ታጣ ነበር።

ለሙስሊሙ ግን በወረቀት ዜጋ መሆንና እንደ ዜጋ መቆጠር ለየቅል ነበሩ። አባቶቻችን በአገራቸው ተወልደው፣ አርሰውና ነግደው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባሉ ነበር፤ ልክ እንደ እንግዳ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባን ባጥለቀለቀው ሰልፍ ከቀረቡት 13 ጥያቄዎች አንዱ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ የሚል ነበር። የአንድ ቃል ለውጥ ይመስላል፤ ግን የባለቤትነት ጥያቄ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6፣ ከወላጆቹ ሁለቱም ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ ማንኛውም ሰው ኢትዮጵያዊ ነው አለ። በአንቀጽ 33 ደግሞ ጋብቻ ዜግነትን እንደማያስቀር ደነገገ። የ1922ቱን ሕግ የሻረው አዋጅ ቁጥር 378/1996ም ይህንኑ መሠረት ያዘ። እናት ብቻዋን ለልጇ ዜግነት ታወርሳለች፤ አባቱ የመናዊም ይሁን ሱዳናዊ።

ልብ በሉ! በውጭ አገር የተወለደ የኢትዮጵያዊ ልጅ ዜጋ ለመሆን አያመለክትም፤ ሲወለድ ጀምሮ ዜጋ ነው። ወላጆቹ የሚያመለክቱት ለማስረጃው ነው፦ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ልደቱን ለማስመዝገብና ፓስፖርት ለማውጣት። ለዚህም የሆስፒታሉ የልደት ማስረጃ፣ የወላጆች ፓስፖርትና የጋብቻ ወረቀት ዋናዎቹ ናቸው። ብዙዎቻችን የምንደናቀፈው ሦስተኛው ላይ ነው። ኒካሕ በወልይና በምስክሮች ፊት ታስሮ ወረቀት ሳይያዝለት ይቀራል። ኒካሑ በአላህ ዘንድ ትክክል ነው፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ግን ወረቀት ይጠይቃል። የዕዳ ውል እንድንጽፍ ያዘዘን ዲን የልጃችንን መብት ሳንጽፍ እንድንተው አያስተምረንም።

አሜሪካን በመሳሰሉ፣ በመወለድ ዜግነት በሚሰጡ አገሮች ላላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በአዋጁ አንቀጽ 20 መሠረት፣ በውጭ አገር በመወለዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ያኛውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላሳወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። በዝምታ የሚያልፍ ዓመት ነው። ያመለጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ይችላል፤ ዜግነቱን መልሶ የሚሻ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ መኖርና የሌላውን አገር ዜግነት መተው ይጠበቅበታል።

አባቶቻችን ኢትዮጵያዊ ተብሎ ለመጠራት አደባባይ ወጥተዋል። ከእኛ የሚጠበቀው የልጆቻችንን ስም መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ዛሬ ነገ ሳንል የጋብቻ ወረቀታችንን እናስተካክል፤ ልጆቻችንን እናስመዝግብ።

አላህ በስደት ያሉ ወንድምና እህቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ልጆቻቸውንም ለዲናቸውና ለአገራቸው የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን።