ስለ አገር የሚጸለይ ጸሎት ዕዳ እንደ ሆነ
በሞጣና በቢቸና ታሪክ የተተረጐመ

ነቢዩ ሳሙኤል በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 12 ለእስራኤል የተናገረው ቃል አገልግሎቱን ለሚያስብ ካህን ሁሉ የሚያስፈራ ነው። ሕዝቡ እንደ አሕዛብ ንጉሥ ይንገሥልን ብለው ነቢዩን ገፍተውታል። እርሱ ግን አልተቀየመም፤ ስለ እነርሱ መጸለይን ቢተው እግዚአብሔርን የሚበድል ራሱ መሆኑን ተናገረ፤ ቅኑን መንገድም ሊያስተምራቸው ቃል ገባ።

ሐተታ። ጸሎትን መተው ስለምን ኃጢአት ይሆናል ቢሉ፤ ጸሎት ለወደዱት የሚሰጡት ስጦታ ሳይሆን ለሕዝቡ የሚከፍሉት ዕዳ ስለ ሆነ ነው። አንድም፤ ከጸሎት ጋራ ትምህርትን ስለምን አጣመረ ቢሉ፤ ለሚስት ሰው እየጸለዩ መንገዱን አለመንገር ጸሎቱን እኩሌታ ስለሚያደርገው ነው። የዚህን ቃል ፍች በምሥራቅ ጎጃም በሞጣና በቢቸና የሆነው ታሪክ ያስረዳል።

ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ዓመት ያቋቋሙት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፥ የራስ ኃይሉ እናት፥ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። በዚያ ዘመን ሥርዓት ደብር ሲተከል ለካህናቱና ለደብተሮቹ መሬት ይሰጥ ነበር። ካህኑ ቀድሶ፥ ደብተራው ማሕሌት ቆሞ፥ ስለ ነገሥታቱና ስለ አገሩ ይጸልያል፤ ገበሬውም አርሶ ከእህሉ ያካፍላል። ስለዚህ በመቅደስ የሚቆመው ሰው እንጀራ ከገበሬው ላብ የተገኘ ነበር። ገበሬውን ረስቶ ለባለ ጉልቱ ብቻ የጸለየ ቢኖር የዕዳውን እኩሌታ አልከፈለም።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገሩን በያዘ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዱ፤ በቢቸና በኩልም በላይ ዘለቀ አርበኞችን አስከትለው ይዋጉ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ነገሥታትና ስለ ሹማምንት እንዲጸለይ ለጢሞቴዎስ ጽፎአልና፥ ለወራሪውም ይጸለይን? ቢሉ፤ ሐዋርያው ሕዝብ በጸጥታ ይኑር ሲል ነው እንጂ ግፍን ባርኩ ሲል አይደለም። እርሱም ራሱ በኔሮን ዘመን በሰይፍ ሞቶአል። አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው አልገዛም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተገደሉት ይህን ለይተው ስላወቁ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ፈተና ግን የመጣው ወገን ከወገኑ በተጣላ ጊዜ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬ፥ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ሊወሰድ ነው ብሎ ሰጋ፤ ከዳሞትም ጋራ ሸፈተ። መንግሥት ጦር ሰደደ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በቅዳሴው ግን ስለ ንጉሡም ስለ ሕዝቡም ልመና አለ። ሁለቱ ልመና በአንድ አፍ እንደ ምን ይስማማሉ ቢሉ፤ ለንጉሡ የሚለመነው ማስተዋል ነው፤ ለገበሬው የሚለመነው ፍትሕና ዕረፍት ነው። ንጉሡ ቢያስተውል ገበሬው ያርፋልና ልመናው አንድ ነው። በኋላም መንግሥቱ ጠቅላይ ገዥውን አነሣ፤ ግብሩንም በግድ መጠየቁን ተወ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀ፤ አብያተ ክርስቲያናትም መሬታቸውን አጡ። ጸሎት የመሬት ዋጋ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን በቆመ ነበር። ነገር ግን ቅዳሴው አልቀረም፤ ዕዳው ከመሬቱ የቀደመ መሆኑም ያን ጊዜ ታወቀ።

ዕዳው ለማን እንደ ሆነ የሚያስጠይቅ ነገርም በሞጣ ደረሰ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በከተማዪቱ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 29 ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው መልእክት ስለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዝዞአል፤ የዚያች ከተማ ሰዎች ግን የእስራኤልን አምላክ የማያመልኩ ነበሩ። ለባቢሎን እንዲጸለይ ከታዘዘ፥ ከአንድ ምንጭ ለሚቀዳ፥ በአንድ ገበያ ለሚውል ጎረቤትማ ይልቁንም ሊጸለይለት ይገባል። የጎረቤቱ ቤት ሲቃጠል አይቶ፥ አጥፊውን ሳይገሥጽ፥ በማግሥቱ ስለ አገር ሰላም የሚለምን ካህን ሳሙኤል ያጣመረውን ለይቶታል፤ ጸሎቱን ይዞ ትምህርቱን ትቶአል።

እንግዲህ በመቅደስ የሚቆም ካህን የአገሩን ስም በጠራ ጊዜ ሁሉ በውስጧ ያሉትን ሁሉ እንደ ጠራ ይወቅ። ሹም የሆነም ሰው የሚጸለይለት እንዲመሰገን ሳይሆን እንዲፈርድ መሆኑን ያስብ። ሳሙኤል የገፉትን ሕዝብ ከጸሎቱ አላስወጣምና፥ ከእርሱ የሚያንስ አገልጋይ ማንን ያስወጣል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።