ጉዞ ወደ ባውንቲፉል

እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ የአሜሪካ ፊልም። ደራሲው ሆርተን ፉት፣ አዘጋጁ ፒተር ማስተርሰን ናቸው። ድርሰቱ አስቀድሞ በ1953 በቴሌቪዥን፣ በዚያው ዓመትም በብሮድዌይ መድረክ ታይቷል።

ታሪኩ የሚካሄደው በ1940ዎቹ ቴክሳስ ውስጥ ነው። ወይዘሮ ኬሪ ዋትስ ሂዩስተን ውስጥ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር በጠባብ ቤት ይኖራሉ። መዝሙር ሲያንጎራጉሩ ምራታቸው ትቆጣለች፤ የጡረታ ቼካቸውንም በዓይነ ቁራኛ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ቼኩን ደብቀው ወደ ትውልድ መንደራቸው ባውንቲፉል ይጠፋሉ። ባቡር ወደዚያ መሄዱን ትቷልና አውቶቡስ ይሳፈራሉ። የመንደሩ የመጨረሻ ነዋሪ የነበረችው ጓደኛቸው መሞቷን የሚሰሙት ከመንገድ ነው። በአንድ ሸሪፍ ደግነት ግን የተፈታው ቤታቸው ደጃፍ ይደርሳሉ።

የፊልሙ ብርታት እንባ አለማብዛቱ ነው። ምራቲቱ እንኳ፣ ምላሷ ቢከፋም፣ ኑሮ የሰለቻት ሴት እንጂ ጨካኝ አይደለችም።

ኬሪን የተጫወተችው ጄራልዲን ፔጅ ሰባት ጊዜ ለኦስካር ታጭታ ባዶ እጇን ተመልሳለች፤ በስምንተኛው፣ በ1986፣ በዚህ ሚና አሸነፈች። በ2013 ደግሞ ሲስሊ ታይሰን ይህንኑ ሚና በብሮድዌይ ተጫውታ የቶኒ ሽልማት ወሰደች።