የልጅ ምሥጢርና የወላጅ ዓይን

ቀድሞ በአዴት ዙሪያ፣ በይልማና ዴንሳ ገጠር የሚያድግ ልጅ ለብቻው የሚዘጋው በር አልነበረውም። ቤቱ ክብ ነው፤ እሳቱ ከመካከል ይነዳል፤ ወላጅ፣ ልጆችና የመሸበት እንግዳ በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ከብት ሲጠብቅ የሠራው ጥፋት ማታ ከእርሱ ቀድሞ ከቤት ይደርሳል፤ ያየው ጎረቤት ሁሉ እንደ አባት ይቈጣዋልና።

እንግዲህ በዚህ አገር ልጅ ከወላጅ ዓይን የራቀ የራሱ ዓለም ማግኘት የጀመረው ከየት ነው ብለን ስንመረምር ከቅኔ ቤት ደጅ እንደርሳለን። ዋሸራ፣ ጎንጅና ደብረ ኤልያስን ወደመሰሉት የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ብዙ ልጅ የሄደው ተመርቆ ሳይሆን ጠፍቶ ነው። አባት ለሞፈር ሲያስበው፣ እርሱ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ በሌሊት ይወጣል።

በዚያ የሚጠብቀው ሥርዓት ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ጥላ ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ በዚያ ሰዓት ምን ታስባለህ የሚለው የለም። የነገራው ጊዜ ሲደርስ ግን የቈጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ቤቱ የጎደለው፣ ምሥጢሩ የላላው ይታረማል። መምህሩ የሚያርመው ልጁ ያቀረበውን ነው፤ ያላቀረበውን አይበረብርም።

የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የዚህን ተቃራኒ አሳይተውናል፤ በዛብህ ገና አፉን ሳይፈታ ወላጆቹ የተሳሉትን ስለት ተሸክሞ የሚኖር ልጅ ነው።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ማንበብ በማይችል ወላጅ ቤት የአባትን ደብዳቤ የሚያነበው ልጅ ሆነ፤ የልጁን የሚያነብ ግን ጠፋ። እኔም ከከተማ የሚመጣውን የወንድሜን ደብዳቤ ለአባቴ ሳነብ የሚያሳዝነውን መስመር እዘል ነበር። አባቴ ያውቅ ኖሯል፤ አንድ ቀን ሰው ከተበተነ በኋላ «ያለፍኸውን አሁን አንብብልኝ» አለኝ። አልተቈጣኝም።

በሐምሌ 1982 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር በ10ኛው አንቀጹ የልጅን የግል ሕይወትና ደብዳቤ ከአላግባብ ጣልቃ ገብነት ሲጠብቅ፣ ወላጅ በመጠኑ የመቈጣጠር መብት እንዳለው ደግሞ አልዘነጋም። ልኩን ግን አልቈረጠም፤ ሊቈርጥም አይችልም።

ዛሬ ከገጠር መጥቶ በአዴት ከተማ ክፍል ተከራይቶ የሚማር ልጅ በደብዳቤ ፈንታ ስልክ ይዟል። እናቱ በገበያ ቀን ስንቁን ተሸክማ ስትደርስ ቁልፉ በእርሱ ኪስ ነው፤ በሩን ታንኳኳና እስኪከፈትላት ከደጁ ቆማ ትጠብቃለች።