ጠይብ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ብረት ቀጥቃጩም ሸክላ ሠሪዋም «ጠይብ» ይባላሉ። ቃሉ የግዕዙ «ጠቢብ» ነው፤ ብልህ፣ አዋቂ ማለት። እያደር ግን ወደ ስድብ ዞረ፤ ጠይብ ማለት ቡዳ ማለት ሆነ። ማረሻው ሲዶለዱም ወናፍ እያናፋ፣ ፍሙ ላይ አግሎ፣ ቀጥቅጦ ለሚያሾልለት ሰው ገበሬው ልጁን አይድርለትም። ይህ ግፍ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ አዋጁን ተሻግሮ ዘለቀ።

ዛሬ ከተማ ውስጥ በጋራ ወርክሾፕ ተሰብስበው፣ መሣሪያ እየተዋዋሱ በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ወጣቶችን «የፈጠራ ባለሙያ» እንላቸዋለን። ይገባቸዋል። የገጠሩ ቀጥቃጭ ግን በምን ያንሳል?

የእስቴው ተወላጅ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ላይ የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ለዚህ መልስ አለው፤ እዚያ የእጅ ሥራ አያሳፍርም። የሽመና ቤቱ የጋራ ነው። ሴቷ መወርወሪያ ትወረውራለች፤ ወንዱ ሳያፍር እንዝርት ያሾራል። የተሸመነው ጋቢና ፎጣ ሲሸጥ ገቢው ለሁሉም ነው።